ኮርቬትን ቤንዚን አጠጣጥ ያስተማራት ስደተኛ

ጊዜው ጃንዋሪ 1953 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ኒውዮርክ የሚገኘው ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል በሰው ተጨናንቋል። ጄኔራል ሞተርስ አዳዲስ መኪኖቹን ለሕዝብ እያሳየ ነው። ከሁሉም በላይ የሰው ዓይን የሳበችው አንዲት ነጭ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ክፍት የሆነ መኪና ናት። ስሟ ኮርቬት ይባላል።

ከተመልካቾቹ አንዱ የ43 ዓመት መሐንዲስ ነበር። እንግሊዝኛ የሚናገረው በከባድ የአውሮፓ ቅላፄ ነው። እሱም እንደ ሌላው ሰው በመልኳ ተማረከ። ከመልኳ አልፎ ውስጧን ሲያጣራ ግን ቅር አለው። ኮፈኗ ስር ያለው ከቤተሰብ መኪና የመጣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው፤ አቅሙ 150 የፈረስ ጉልበት። ማርሿ ሁለት ብቻ፣ ያውም አውቶማቲክ። በአጭሩ ላይዋ የእሽቅድምድም መኪና፣ ውስጧን ለቄስ ነበረች።

ሰውየው ዞራ አርኩስ-ዱንቶቭ ይባላል። ዛሬ የመኪና ወዳጆች የኮርቬት አባት ይሉታል። ልብ በሉ፣ የፈጠራት እሱ አይደለም። ተሰርታ፣ ተቀብታ፣ ለሕዝብ ቀርባ ነው ያገኛት። ታዲያ አባት ያሰኘው ምንድነው? የዛሬ ታሪካችን ይሄ ነው። መልሱ ደግሞ በአብዛኛው ከአንድ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው፦ ሞተር ነዳጁን እንዴት ይጠጣል?

ሁለት አባት፣ አንድ ስም

ዞራ የተወለደው ዲሴምበር 25 ቀን 1909 ብራሰልስ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ሩሲያውያን አይሁዶች ነበሩ፤ አባቱ የማዕድን መሐንዲስ፣ እናቱ የሕክምና ተማሪ። ቤተሰቡ ወደ ሩሲያ ተመለሰና ልጁ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው ከተማ አደገ። አብዮቱንም እዛው ሆኖ አየው።

ወላጆቹ ከጊዜ በኋላ ተፋቱ። እናትየው ጆሴፍ ዱንቶቭ ከሚባል ሰው ጋር መኖር ጀመረች። የሚገርመው ግን የቀድሞው ባል አርኩስ ከቤት አልወጣም። ሁለቱም ወንዶች እዛው አንድ ጣሪያ ስር ኖሩ። ዞራ እና ታናሽ ወንድሙ ዩራ ከፍ ሲሉ አንዱን መርጠው ሌላውን ማስቀየም አልፈለጉም። የሁለቱንም ስም አጣምረው አርኩስ-ዱንቶቭ ተባሉ።

የልጁ የመጀመሪያ ምኞት ትራም ነጂ መሆን ነበር። በ1927 ቤተሰቡ ወደ በርሊን ሲዛወር ምኞቱ ወደ ሞተር ሳይክል ተቀየረ። 350 ሲሲ ሞተሩን በውድድር ሜዳም በከተማው መንገድም ያከንፈው ጀመር። ወላጆቹ ይሄ ነገር አንድ ቀን ይገድለዋል ብለው ፈሩ፤ በመኪና እንዲቀይረው አስጨነቁት። ቀየረው። ይዞ የመጣው ግን ለእሽቅድምድም የተሰራች፣ የፊት ፍሬን የሌላት፣ የኋላ ፍሬኗም ደካማ የሆነ ቦብ የምትባል መኪና ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

እየነዳም ግን ይማር ነበር። በ1934 በርሊን ሻርሎተንቡርግ ከሚገኘው የቴክኒክ ተቋም በምህንድስና ተመረቀ። ስለ ሞተር የሚጽፋቸው ጽሑፎችም በጀርመን የመኪና መጽሔት ላይ መውጣት ጀመሩ።

በትንሿ መኪና ከናዚ ፊት

በ1939 ዞራ ኤልፊ ቮልፍ የምትባል ጀርመናዊት አገባ። ኤልፊ ፓሪስ ውስጥ በታዋቂው ፎሊ ቤርጄር የምትሰራ ዳንሰኛ ነበረች። ሠርጉ እና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተያይዘው መጡ። ዞራና ዩራ የፈረንሳይ አየር ኃይልን ተቀላቀሉ፤ በ1940 ግን ፈረንሳይ እጅ ሰጠች።

ለአይሁድ ቤተሰብ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ዞራ ማርሴይ ወደሚገኘው የስፔን ቆንስላ ሄዶ ለራሱ፣ ለሚስቱ፣ ለወንድሙና ለወላጆቹ ቪዛ አወጣ። ኤልፊ በዛን ጊዜ ፓሪስ ነበረች። የጀርመን ጦር ከኋላ እየገሰገሰ፣ እሷ በትንሿ ኤምጂ መኪናዋ ወደ ቦርዶ በረረች። ወንድማማቾቹ ደግሞ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት ውስጥ ተደብቀው ነበር። ከቀናት በኋላ ሁሉም ተገናኙ። ከዛ ስፔን፣ ከዛ ፖርቱጋል፣ በመጨረሻም በመርከብ ኒውዮርክ።

ኒውዮርክ እንደገቡ ሁለቱ ወንድማማቾች አርደን የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ ከአርኩስ እና ዱንቶቭ የተቆረሰ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለጦር ኃይሉ ዕቃ አመረቱ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ዓይናቸውን የጣሉት ወጣቱ ሁሉ እየፈታ በሚገጥመው የፎርድ ቪ-8 ሞተር ላይ ነበር።

የዚህ ሞተር ቫልቮች ከሲሊንደሩ ጎን ነበሩ። አየርና ነዳጁ ጠመዝማዛ መንገድ ዞሮ ነው የሚገባው። አርደን ቫልቮቹን ከሲሊንደሩ በላይ የሚያደርግ የአሉሚኒየም ቴስታ ሰራ። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ አተነፋፈሱ ግን ተቀየረ፣ ጉልበቱም ጨመረ። ሩጫ የምትከታተሉ ታውቁታላችሁ፦ ሯጭ የሚበልጠው እግሩ ስለወፈረ ሳይሆን ሳንባው ስለሰፋ ነው። ዞራ ዕድሜ ልኩን ያሳደደው ሀሳብ እዚህ ጋ ተጀመረ።

አርደን ግን አልዘለቀም። ዞራ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ አላርድ ለሚባል የስፖርት መኪና አምራች ሰራ። በ1952 እና በ1953 ፈረንሳይ ሌ ማን ላይ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድርም ለአላርድ ነዳ። በመሀል ተመልሶ ኒውዮርክ ነበረና ነው በዛ ሆቴል ኮርቬትን ያያት።

ስራ የሰጠው ደብዳቤ

ሌላ ሰው ቢሆን መኪናዋን አይቶ፣ አምቶ፣ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ዞራ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የሄደው ለሼቭሮሌት ዋና መሐንዲስ ለኤድ ኮል ነው። እንዲህ ባለች ቆንጆ መኪና ላይ መስራት ለሱ ክብር እንደሆነ ገለጸ። ወሬ ብቻ እንዳይሆን ደግሞ የአንድን መኪና ከፍተኛ ፍጥነት በስሌት ለማወቅ የሚያስችል የራሱን ጥናት አያይዞ ላከ።

ሜይ 1 ቀን 1953 በሼቭሮሌት ረዳት መሐንዲስ ሆኖ ስራ ጀመረ። ስልጣን የለውም። ኮርቬትን እንደፈለገው እንዲያደርጋት የፈቀደለትም ሰው አልነበረም።

ዓመቱ ሳያልቅ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ለአለቆቹ ዛሬም ድረስ የሚወራለት ማስታወሻ ጻፈ። ርዕሱ ስለ ወጣቶች፣ መኪና እየፈቱ ስለሚያፈጥኑ ልጆች እና ስለ ሼቭሮሌት ነበር። ነገሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ወጣቱ መጽሔት ሲገልጥ የሚያየው ፎርድ ነው፣ የሚፈታውም የሚገጥመውም ፎርድ ነው፤ ነገ ገንዘብ ሲይዝ የሚገዛውም ፎርድ ይሆናል። ስለዚህ ካም ሻፍቱን፣ ቫልቩን፣ ማኒፎልዱን፣ ፍሬኑን ራሳችን ሰርተን በዕቃ መለዋወጫ መልክ እናቅርብለት። ሰው ኮርቬትን ይዞ መወዳደሩ ላይቀር፣ ቢያንስ እናግዘው።

ኮርቬት ግን የሞት አፋፍ ላይ ነበረች። በ1953 የተሰሩት 300 ብቻ ናቸው። በ1954 ቁጥሩ 3,640 ደረሰ፤ ብዙዎቹ ገዢ አጥተው ቆሙ። በ1955 ደግሞ 700 ብቻ ተመረቱ። በዛው ዓመት ፎርድ ተንደርበርድ የምትባል ባለ ሁለት ወንበር መኪና አውጥቶ ከ16 ሺህ በላይ ሸጠ። ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ኮርቬት ትቁም የሚለው ወሬ በረታ። ዞራ በ1954 መጨረሻ ላይ ሌላ ማስታወሻ ጻፈ። አሁን ብናቆማት ሽንፈታችንን በአደባባይ ማመናችን ነው፣ ፎርድም ይስቅብናል የሚል ይዘት ነበረው።

በ1955 አዲሱ የሼቭሮሌት ቪ-8 ሞተር ኮርቬት ውስጥ ገባ። 195 የፈረስ ጉልበት። አሁን ለዞራ የሚያጫውት ነገር ተገኘ።

ያን ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ገና ለገበያ ያልቀረበ የ1956 ሼቭሮሌት ይዞ ኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ሄደ። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 4,300 ሜትር ገደማ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ፒስታ ነበር። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይደክማል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚነዳ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል። ዞራ ሽቅቡን በ17 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጨርሶ በመደበኛ መኪኖች ምድብ ክብረ ወሰን ሰበረ። በጃንዋሪ 1956 ደግሞ ዴይቶና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ኮርቬትን በሰዓት 242 ኪሎ ሜትር አስሮጣት። ለዚህ የተጠቀመበት ካም ሻፍት ዛሬም የዱንቶቭ ካም ይባላል።

በጎን ደግሞ ውድድሩን አልተወም። በ1954 እና በ1955 ሌ ማን ላይ ፖርሽ ነድቶ በምድቡ አሸንፏል።

ከአንድ ጀበና ስምንት ሲኒ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሞተሩ ቪ-8 ሆነ፣ ካም ሻፍቱ ተቀየረ፤ ነዳጁን የሚያቀርበው ግን ያው ካርቡሬተር ነበር።

ካርቡሬተር ብልህ ዕቃ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ከጎን ካለች ትንሽ ጎድጓዳ ቋት ውስጥ ቤንዚን ይሳብና ከአየሩ ጋር እንደ ጉም ተቀላቅሎ ወደ ሲሊንደሮቹ ይሄዳል። ለዕለት ተዕለት መንዳት ከበቂ በላይ ነው። ለስፖርት መኪና ግን ሦስት ችግር አለበት።

አንደኛ፣ ያቺ ቋት ክፍት ውኃ እንደያዘ ብርጭቆ ናት። መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ወይም ፍሬን ሲይዝ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይዋልላል። ሞተሩ አንዴ ይራባል፣ አንዴ ይታነቃል። ኩርባ ላይ ጉልበት በምትፈልጉበት ሰዓት ሞተሩ ያስላል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍፍሉ እኩል አይደለም። ከአንድ ጀበና ስምንት ሲኒ ስትቀዱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው እኩል አይወፍሩም። ካርቡሬተርም እንደዛው ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ይበዛበታል፣ ሌላው ይቀንስበታል።

ሦስተኛ፣ ቤንዚኑን ለመሳብ የጠበበው ጉሮሮ አየሩንም ያንቃል። ሞተር ደግሞ ከቤንዚን ይልቅ አየር ነው የሚበላው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ዛሬም ትልቅ የነዳጅ ፓምፕ ወይም ትልቅ ኢንጄክተር ብቻ ገጥሞ ጉልበት የሚጠብቅ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አየሩ ሳይጨምር ቤንዚን ብትጨምሩ ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው። ነዳጅ፣ አየርና ካም ሻፍት አብረው ነው የሚቀየሩት። ዞራ ይሄን ከአርደን ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል።

መፍትሔው የነዳጅ ኢንጄክሽን ነበር፤ ቤንዚኑን አየር እስኪስበው ከመጠበቅ በፓምፕ ገፍቶ እያንዳንዱ ሲሊንደር ደጃፍ ላይ መርጨት። ሀሳቡ አዲስ አይደለም። የአውሮፕላን ሞተሮች ይጠቀሙበት ነበር፤ መርሴዲስም ከ1954 ጀምሮ 300 ኤስኤል ላይ ገጥሞታል። ያኔ ግን ውድ እና ረቂቅ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በብዛት በሚመረት መኪና ላይ በዋጋው ልክ ሰርቶ ማቅረብ ነው ፈተናው።

ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ጆን ዶልዛ የሚባል መሐንዲስ ይሄን ስርዓት ጀምሮት ነበር። ዞራ ከሼቭሮሌት በኩል ገብቶ ከቪ-8 ሞተሩ ጋር እንዲስማማ የማድረጉን ስራ ተያያዘው።

ጀርባው የተሰበረ ሰው

በ1956 ስራው በተፋፋመበት ወቅት ዞራ ሚሺጋን በሚገኘው የድርጅቱ መሞከሪያ ሜዳ ላይ ኮርቬት ሲነዳ ተገለበጠ። የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ። ሐኪሞች ደረቱንና ወገቡን በጀሶ አሸጉት።

ዕድሜው 46 ነው። አርፎ ቢተኛ የሚወቅሰው አልነበረም። እሱ ግን ከነጀሶው ወደ ቢሮ ተመለሰ። እንደልብ መቀመጥ ስለማይችል ቆሞ ይሰራ ነበር። የ1957 ሞዴል መውጫ ቀን ተቆርጧል፤ ኢንጄክሽኑ ካልደረሰ ኮርቬት አንድ ሌላ ዓመት በካርቡሬተር ልትዘልቅ ነው። ለተመናመነች መኪና አንድ ዓመት ደግሞ ብዙ ነው።

ደረሰ። ስሙ ራምጄት ተባለ። በዛሬ ዓይን ስናየው የሚገርመው ኮምፒውተር የሚባል ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር ሜካኒካል ነው። አንዱ ክፍል የሚገባውን አየር ይለካል። ሁለተኛው ክፍል በዛ ልክ ቤንዚኑን ይመጥናል፤ ፓምፑን የሚያዞረው ከዲስትሪቢዩተሩ የሚመጣ ተጣጣፊ ገመድ ነው። ትርፍ የሆነው ቤንዚን ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዛ ስምንት ቀጫጭን ኖዝሎች፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ፣ ያለማቋረጥ ይረጫሉ። ጀበናው ቀረ፤ ለእያንዳንዱ ሲኒ የራሱ መቅጃ መጣ።

ውጤቱ? የ1957 ኮርቬት ሞተር 283 ኩቢክ ኢንች፣ በሊትር 4.6 ገደማ ነው። በአንድ ካርቡሬተር 220 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ኢንጄክሽን የተገጠመለት ኃይለኛው ዓይነት ግን 283 አወጣ። ለእያንዳንዱ ኩቢክ ኢንች አንድ ፈረስ ማለት ነው። ሐቁን እንናገር ካልን ልዩነቱ በሙሉ የኢንጄክሽኑ አይደለም፤ የዱንቶቭ ካም እና ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን አብረው ገብተዋል። አንድ ለአንድ የሚለውን ቁጥር ደግሞ ክራይስለር ከአንድ ዓመት በፊት ነክቶታል። ቢሆንም በዛች ቀላል መኪና ላይ፣ ኩርባ ላይ በማያስል ሞተር፣ ነገሩ ሌላ ነበር።

በማርች 1957 ፍሎሪዳ ሴብሪንግ ላይ በተደረገው የ12 ሰዓት ውድድር ኢንጄክሽን የተገጠመላት ኮርቬት በምድቧ አንደኛ፣ በጠቅላላው 12ኛ ወጣች። በዛው ውድድር ዞራ ራሱ ያዘጋጃት ልዩ የእሽቅድምድም መኪና፣ ኮርቬት ኤስኤስ፣ 23 ዙር ብቻ ሄዳ ተበላሽታ ወጣች። ልቡን የጣለባት ወደቀች፤ ማንም ከሱቅ ሊገዛት የሚችለው አሸነፈች። የዚያን ቀን ደስታውና ሐዘኑ አንድ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ትክክል ሆኖ መሸነፍ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለን ነበር። ግን አላለቀም።

በ1957 ኮርቬት 3,176 ዶላር ስትሸጥ ኢንጄክሽኑ ብቻውን ተጨማሪ 484 ዶላር ነበር። በዛ ዓመት ከተሰሩት 6,339 ኮርቬቶች ኢንጄክሽን ያላቸው 1,040 ብቻ ናቸው። ችግር ደግሞ አላጣቸውም። ቀጫጭኖቹ ኖዝሎች በትንሽ ቆሻሻ ይደፈናሉ። ሞተሩ ግሎ ሲጠፋ መልሶ ማስነሳት ያስቸግራል። ከሁሉም በላይ የሰፈር መካኒኩ አያውቀውም። ያልገባውን ዕቃ ማስተካከል ሲያቅተው ፈትቶ ካርቡሬተር የሚገጥመው በዝቶ ነበር። ዕቃው ጥሩ መሆኑ ብቻ አልበቃም፤ የሚያውቀው እጅ ያስፈልገው ነበር።

በጁን 1957 የአሜሪካ መኪና አምራቾች ከእሽቅድምድም እጃችንን እናወጣለን ብለው ተስማሙ። ዞራ በር ሲዘጋበት በመስኮት የሚገባ ዓይነት ሰው ነው። በ1963 ስቲንግ ሬይ የተባለችው አዲሷ ኮርቬት ስትወጣ የኋላ ጎማዎቿ እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚንቀሳቀሱ ሆኑ። ለሚወዳደሩ ደግሞ 138 ሊትር ገደማ የሚይዝ ትልቅ የነዳጅ ታንክ በትዕዛዝ ቀረበ፤ መደበኛው 76 ሊትር ገደማ ነው። በረጅም ውድድር ላይ አንድ ጊዜ ያነሰ ነዳጅ ለመቅዳት መቆም ማለት ምን እንደሆነ የሚወዳደር ያውቀዋል። በይፋ ውድድር የለም፤ ዕቃው ግን አለ። ግራንድ ስፖርት የሚባል ቀላል የውድድር ኮርቬትም ጀምሮ ነበር። አምስት እንደተሰሩ አለቆች አስቆሙት።

ኢንጄክሽኑም እያደገ ሄደ። በ1964 ያው ቤተሰብ የሆነ፣ ወደ 327 ኩቢክ ኢንች ያደገ ሞተር 375 የፈረስ ጉልበት ደረሰ።

ከዛ 1965 መጣ። ሼቭሮሌት 396 ኩቢክ ኢንች የሆነ ግዙፍ ሞተር ኮርቬት ውስጥ ከተተ። በተራ ካርቡሬተር 425 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ዋጋው ተጨማሪ 293 ዶላር። ኢንጄክሽኑ በ538 ዶላር 375 ነው የሚሰጠው። ገዢው ምን ይምረጥ? ግዙፉን 2,157 ሰዎች ገዙት፤ ኢንጄክሽኑን 771። በዛው ዓመት መጨረሻ ኢንጄክሽን ከኮርቬት ወጣ።

ግዙፉ ሞተር ይከብዳል፣ ክብደቱም አፍንጫዋ ላይ ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ይፈተለካል፣ ኩርባ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዞራ ከልጅነቱ ጀምሮ የታገለለት ተቃራኒው ነበር፦ ሞተሩን አታግዝፈው፣ በደንብ እንዲተነፍስና በልኩ እንዲጠጣ አድርገው። ገበያው ግን ሒሳብ ሰራና ፈረደበት።

ሌላም ሕልም ነበረው። ሞተሩን ከሾፌሩ ኋላ አድርጎ ክብደቱን መሀል ላይ ማምጣት። በ1960 እና በ1964 ሰርቭ የተባሉ ሁለት የሙከራ መኪኖች በዚህ መንገድ ሰርቶ አሳየ። ከዛ በኋላም ደጋግሞ ሞከረ። ድርጅቱ ግን ያለችው ኮርቬት እየተሸጠች ለምን ወጪ እናወጣለን ብሎ እምቢ አለ። በ1975 መጀመሪያ ላይ ጡረታ ሲወጣ ኮርቬት ካርቡሬተር የተገጠመላት፣ ሞተሯ ከፊት የሆነ መኪና ነበረች። ሁለቱንም ትልልቅ ክርክሮቹን ተሸንፎ ወጣ ማለት ይቻላል።

ተሸናፊው ሲያሸንፍ

ከዛ የጭስ ሕግ ጠበቀ፣ ቤንዚን ተወደደ። እያንዳንዷ ጠብታ መለካት ነበረባት፤ ካርቡሬተር ደግሞ ያን ያህል ልኬት አይችልም። በ1982 ኢንጄክሽን ወደ ኮርቬት ተመለሰ። በ1985 ደግሞ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ኢንጄክተር የሚሰጠው ስርዓት ገባ። አሁን ኮምፒውተር ይመራዋል፤ መሠረቱ ግን ያው የ1957ቱ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሲኒ የራሱ መቅጃ። ዞራ ይሄን በሕይወት እያለ አየው።

ከፈረንሳይ በትንሿ ኤምጂ ያመለጠችው ኤልፊ እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች። ዞራ ኤፕሪል 21 ቀን 1996 ዲትሮይት ውስጥ በ86 ዓመቱ አረፈ። የአስከሬኑ አመድ ኬንታኪ ግዛት፣ ቦውሊንግ ግሪን ከተማ፣ ብሔራዊ የኮርቬት ሙዚየም ውስጥ ተቀመጠ። ኮርቬት የምትሰራበት ፋብሪካም እዛው ከተማ ነው።

በጁላይ 2019፣ እሱ ካለፈ ከ23 ዓመት በኋላ፣ ስምንተኛዋ ትውልድ ኮርቬት ለዓለም ታየች። ሞተሯ ከሾፌሩ ኋላ ነው። ቤንዚኑም አሁን ሲሊንደሩ ደጃፍ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል።

እኛ ይሄን ታሪክ ስናነብ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ያስቆመን አንድ ነገር ነው። ዞራ መኪናዋን የሰራት ሰው አልነበረም፣ አለቃም አልነበረም፣ የሀገሩም ልጅ አልነበረም። አንድ ትርኢት ላይ ቆንጆ ነገር አየ፣ ጉድለቷንም አየ። ጉድለቷን ለማውራት ሳይሆን ለመጠገን ደብዳቤ ጻፈ። አብዛኛውን ክርክሩን በዘመኑ ተሸነፈ፤ ግን መኪናዋን ትቷት አልሄደም።

ዛሬ መንገድ ላይ ከሚያልፉት የቤንዚን መኪኖች አብዛኞቹ በኢንጄክሽን ነው የሚሄዱት። በዚያን ጊዜ ያልገባውን ዕቃ ፈትቶ የጣለው መካኒክ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ጋራዥ ከፍቶ ቢሆን፣ ዛሬ እንጀራውን የሚበላው ኢንጄክተር እያጠበ ነው።